የዱር እንስሳን የጨረሰው አዳኙ አይደለም

በኢትዮጵያ የዱር እንስሳ ለምን እንደተመናመነ በተጠየቀ ቁጥር መጀመሪያ የሚከሰሰው አዳኝ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት፣ በሬዲዮ ዝግጅቶችና በአካባቢ ጥበቃ ስብሰባዎች አደን ከምክንያቶቹ ራስ ላይ ይቀመጣል፤ እርሻ፣ ሰፈራና ልቅ ግጦሽ ከእሱ ቀጥለው ይጠራሉ። ክሱ ብቻውን አይመጣም፤ ፍርዱንም ይዞ ይመጣል። በአደን መኖር ሰው ማረስ ሳይማር በፊት የነበረበት ደረጃ ነው ይባላል፤ ዛሬም በዚያ የሚኖር ካለ ሞፈርና ቀንበር ያልደረሰው ኋላ ቀር ነው፤ ስለዚህ አደኑን መከልከል እንስሳውንም ሰውየውንም ማዳን ነው። ይህ አስተሳሰብ በከተሜው፣ በባለሥልጣኑና በተማሪው ዘንድ እኩል ስለተለመደ ማስረጃ አምጣ የሚለው የለም። ማስረጃ ሲጠየቅ ግን አይቆምም። ከጣና እስከ ካላሃሪ ያለው ታሪክ የሚመሰክረው በአደን የሚተዳደሩ ማኅበረሰቦች ከእንስሳቱ ጋር ብዙ መቶ ዓመት አብረው መኖራቸውን፣ እንስሳቱን የፈጁት ሌሎች መሆናቸውን፣ አዳኙ ከዱሩ ሲባረርም እንስሳው ጠባቂ ማጣቱን ነው።

ክሱ ከመነሻው የሚሳሳተው የማይገናኙ ሥራዎችን በአንድ መዝገብ በመክሰሱ ነው። በደጋው ኢትዮጵያና በዙሪያው ባሉ ቆላዎች ስሙ የገነነው የግዳይ አደን ነበር። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ ወይም አውራሪስ የጣለ ሰው ጠላት ገድሎ እንደተመለሰ ወታደር ይቆጠራል፤ ቅቤ ይቀባል፣ ጎፈር ይደፋል፣ ይፎክራል፣ ይሸለማል። የሚፈለገው ሥጋው ሳይሆን ስሙ ነው፤ ስም ደግሞ አይጠገብም። ከዚህ ጎን የንግድ አደን አለ። የአክሱም መንግሥት በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ ውጭ ከሚልካቸው ሸቀጦች አንዱ የዝሆን ጥርስ ነበር። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት የዮስቲንያኖስ መልእክተኛ ኖኖሶስ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲወጣ 5,000 ያህል ዝሆኖች ተሰማርተው ማየቱን ጽፏል። ዛሬ በዚያ መንገድ ላይ ዝሆን የለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጠመንጃ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ፣ የየአካባቢው ገዢዎች ለማዕከላዊው መንግሥት የሚያስገቡት ግብር በከፊል በዝሆን ጥርስ ይከፈል ነበር። በመላ አገሪቱ ዛሬ የቀረው ዝሆን ሁለት ሺህ ግድም ነው። ከዚህ ጥፋት ውስጥ ጦር ይዞ ለቤተሰቡ ሥጋ የፈለገው ሰው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ከሳሾቹ ለይተው አያውቁም፤ ለመለየትም አይሞክሩም።

ለኑሮ የሚደረግ አደን ልኩን የሚወስንለት ነገር ሌላ ነው። ቤተሰብ ሊበላው፣ ጫንቃ ሊሸከመው፣ ጸሐይና ጭስ ሊያደርቀው ከሚችለው በላይ መግደል ለአዳኙ ትርፉ ድካም ነው። ከግዳይ አደን ያለው ርቀትም በናሚቢያና በቦትስዋና ድንበር ላይ በሚኖሩት፣ ከሳን አዳኝ ሕዝቦች አንዱ በሆኑት በጁሆአንሲዎች ዘንድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንትሮፖሎጂስቱ ሪቻርድ ሊ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንደመዘገበው፣ ትልቅ እንስሳ የጣለ ጁሆአንሲ ሰፈሩ ሲደርስ አይፎክርም። ዝም ብሎ እሳት ዳር ይቀመጣል፤ ምን አገኘህ ሲሉት እዚህ ግባ የሚባል ነገር አላየሁም ይላል። ሥጋውን ሊሸከሙ አብረውት የሚሄዱትም ያላግጡበታል፤ ለዚህ ለከሳ አጥንት ነው ወይ ይህን ሁሉ መንገድ ያስኬድከን ይሉታል። እንስሳው የሰባ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሥጋውን የማከፋፈሉ ኃላፊነትም የገዳዩ ሳይሆን የፍላጻው ባለቤት ነው፤ ፍላጻ ደግሞ በስጦታና በውሰት ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞር ማደን የማይችሉ አዛውንትና ሴቶችም የሥጋ አዳይ ይሆናሉ። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ አንዱን ጥሎ ሌላ ለመጣል የሚያስቸኩል ክብር የለም። ገዳይ ሲሸለምበት የኖረ ማኅበረሰብ አዳኝን ሁሉ በራሱ ልማድ መስፈሩ የሚገርም አይደለም፤ ትክክል ግን አይደለም።

ሙያውን ቀረብ ብሎ ላየው ኋላ ቀር የሚያሰኝ ነገር አያገኝበትም። ወጥመድን እንውሰድ። ከቃጫ ወይም ከጅማት የተገመደ ሸምቀቆ ጎንበስ ተደርጎ በታሰረ ለጋ ዛፍ ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ እንስሳው መያዣውን ሲነካው ዛፉ ተፈናጥሮ ቀና ይላል፣ ሸምቀቆውም ይጠብቃል። የሸምቀቆው ስፋትና ከመሬት የሚኖረው ከፍታ በሚፈለገው እንስሳ ይለካል፤ ለሚዳቋ የሚሆነው ለድኩላ አይሆንም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ገመዱ ነው። ቃጫ በዝናብ ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይበላዋል፤ ስለዚህ ባለቤቱ በየዕለቱ መዞርና ማየት አለበት፤ ካልዞረ ወይ ጅብ ይቀድመዋል ወይ ገመዱ ይበጠሳል። የተተወ የቃጫ ወጥመድ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወጥመድነቱ ያበቃል። ዛሬ በአፍሪካ ፓርኮች ስካውቶች በሸክም የሚለቅሙት ወጥመድ የሽቦ ነው። ሽቦ አይበሰብስም፤ ያጠመደው ሰው ረስቶት ወይም ታስሮ እያለም የነካውን ሁሉ አንቆ ይይዛል፣ እርጉዝም ግልገልም አይለይም። ይህን ያመጣው የጥንት አዳኝ አይደለም፤ የአጥር፣ የስልክ መስመርና የመኪና ጎማ ዘመን ያመጣው ነው። ሆኖም ሁለቱም በአንድ አንቀጽ ይከሰሳሉ።

ቀጥሎ ያለው የሥጋ አያያዝ ነው፤ ስለ አደን በሚጻፈው ውስጥ ከሁሉ ያነሰ ቦታ የሚሰጠውም ይኸው ነው። ጥሬ ሥጋ ሦስት አራተኛው ገደማ ውኃ ነው። በቆላ ሙቀት በአንድ ቀን ውስጥ ይሸታል። የዱር እንስሳ ሥጋ ግን ከተቀለበ በሬ ሥጋ ይልቅ ስቡ ጥቂት ነው፤ ቋንጣን ቶሎ የሚያበላሸው ስቡ ስለሆነ የአጋዘንና የድኩላ ሥጋ ለማድረቅ የተመቸ ነው። አዳኞቹ ሞራውን ለይተው ያቀልጡታል፤ ቀዩን ሥጋ የጡንቻውን መስመር ተከትለው እንደ ጠፍር እያስረዘሙ ይዘለዝሉታል፤ ዝልዝሉ ከጣት ውፍረት ካለፈ ውጩ ደርቆ ውስጡ ይበሰብሳልና የሚዘለዝለው እጅ የተፈተነ መሆን አለበት። ከዚያ በቅርንጫፍ መደብ ላይ አንዱ ከአንዱ ሳይነካካ ይሰቀላል፤ ከሥሩ ነበልባል የሌለው እሳት ይነድና ጭሱ ዝንቡን ያርቃል። በዚህ መንገድ የተያዘ ሥጋ ክብደቱ እጅግ ይቀንሳል፣ በትከሻ ይጓዛል፣ ለሳምንታትም ይቆያል። ጨውና በርበሬ ያለው ሰው ይጨምርበታል፤ የሌለው ጭሱ ይበቃዋል። ትልቅ እንስሳ አንዴ የጣለ ሰፈር ሁለተኛ ለመግደል የማይቸኩለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የማድረቅ ሙያ የመግደልን ቁጥር ይቀንሳል።

ክልከላው በመጀመሪያ የሚገድለው ይህንኑ ሙያ ነው። ሥጋ የሚያደርቅ ሰው ለቀናት አንድ ቦታ መቀመጥ፣ ጭስ ማጨስና ሥጋውን በግልጽ መስቀል አለበት። አደን ወንጀል በሆነበት አገር ጭሱ ይጠቁማል፣ የተሰቀለው ሥጋ ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ የሚያደባው ሰው ጣፋጩን ብልት ወይም ጥርሱን ብቻ ቆርጦ ይሮጣል፤ የቀረውን ለአሞራ ጥሎ ነገ ደግሞ ሌላ ይገድላል። ከዚያ ባለሥልጣኑ የተጣለውን በድን ፎቶ አንስቶ አዳኝ ምን ያህል አባካኝ እንደሆነ ያሳያል። ብክነቱ እውነት ነው፤ የፈጠረው ግን ክልከላው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚጎላው ምስክር የጻቮ ነው። ከ20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው የኬንያው ጻቮ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲከለል ምድሩ የዋታዎች ማደኛ ነበር። ዋታዎች ከኢትዮጵያ ቦረና እስከ ኬንያ የባሕር ጠረፍ ተበታትነው የሚኖሩ የአዳኝ ማኅበረሰቦች ናቸው፤ የጻቮዎቹም አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው። ዝሆን የሚያድኑት በቀስት ነበር። ቀስታቸውን መሳብ ከ45 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጠንካራ ጎልማሳ ካልለመደው ግማሽ ድረስ እንኳ አይስበውም። መርዙ የሚሠራው በኢትዮጵያ መረንዝ ከሚባለው ዛፍ ነው። እንጨቱና ሥሩ ተከትክቶ ለብዙ ሰዓት ይፈላል፤ ውኃው ተንኖ የሚቀረው እንደ ቅጥራን ጥቁርና የሚያጣብቅ ነው። ይህ በፍላጻው አንገት ላይ ይለበጥና እንዳይደርቅ፣ ባለቤቱንም እንዳይቧጭረው በስስ ቆዳ ይጠቀለላል። ደም ውስጥ ሲገባ ልብን ያቆማል፤ በሆድ በኩል ግን ሰውነት እምብዛም ስለማይቀበለው በመርዙ የወደቀ እንስሳ ሥጋ ይበላል። አዳኙ ነፋሱን እየለየ ዝሆኑ አጠገብ እስኪደርስ ይጠጋል። ዝሆን በዚህ ርቀት የተቆጣ እንደሆነ ከሁለቱ ማን እንደሚተርፍ ግልጽ ነው፤ ሙያው በራሱ የሚያድነውን ሰው ቁጥር ትንሽ ያደርገዋል።

ዋታዎች ጥርሱን ለጠረፍ ነጋዴዎች ይሸጡ እንደነበር አይካድም፤ ከፓርኩ መከለል በኋላ ንግዱ መጨመሩም እውነት ነው። የፓርኩ አስተዳደር ይህን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1956 እና 1957 ዘመቻ አወጀባቸው። የምሥራቅ ጻቮ የመጀመሪያ ኃላፊ የነበረው ዴቪድ ሼልድሪክ የታጠቁ ጠባቂዎችን አሰማርቶ ሰፈራቸውን አሰሰ፣ ቀስታቸውን ሰበሰበ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ወንዶችን ለእስራት ዳረገ። ዘመቻው ተሳካ፤ ዛሬም በጥበቃ መጻሕፍት ውስጥ እንደ ድል ይተረካል። ከድሉ በኋላ የሆነው ግን በዚያው ድምፅ አይተረክም። ዝሆኑ በዛ፤ ዛፉን ሰባብሮና ልጦ ጫካውን ወደ ሣር ሜዳ ለወጠው። ቁጥሩ ይቀነስ አይቀነስ እየተባለ በሳይንቲስቶችና በፓርኩ ኃላፊ መካከል ክርክር ተነሣ፤ ሳይቀነስ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1970 እና 1971 ድርቅ ሲመታ ከ5,000 በላይ ዝሆኖች በረሃብ አለቁ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ግልገሎች ነበሩ።

የባሰው ገና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 በኬንያ 167,000 ያህል ዝሆኖች እንደነበሩ ይገመታል፤ በ1989 ከ20,000 አይበልጡም ነበር። የፈጇቸው አውቶማቲክ መሣሪያ የታጠቁ ቡድኖችና ከኋላቸው የቆመው የዝሆን ጥርስ ንግድ ናቸው። ቡድኖቹ ጻቮ ሲገቡ በዚያ ምድር እያንዳንዱን የውኃ ጉድጓድ የሚያውቅ፣ እንግዳ ኮቴ ባየ ጊዜ የሚቆጣና የሚናገር ሰው አልነበረም። ያ ሰው ከሃያ ዓመት በፊት ታስሮ ተባርሯል። እ.ኤ.አ. በ1960 በጋላና ወንዝ ዳር ዋታዎች በተወሰነ ቁጥር በሕግ እያደኑ እንዲጠብቁ የሚያደርግ ሙከራ ተጀምሮ ነበር፤ መሬቱ ብዙም ሳይቆይ ለከብት እርባታ ዋለ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 አደንን በሙሉ ከለከለች። ከዚያ ዓመት እስከ 2016 ባለው ጊዜ በአገሪቱ የግጦሽ ምድሮች የዱር እንስሳት ቁጥር በአማካይ 68 በመቶ መቀነሱን በአየር ቆጠራ ላይ የተመሠረተ ጥናት አረጋግጧል። ለዚህ ሁሉ ክልከላው ብቻውን ተጠያቂ አይደለም፤ የሰውና የከብት መብዛት፣ አጥርና እርሻ አሉበት። ነገር ግን አደን ነው የሚጨርሳቸው ለሚል ወገን ከዚህ የበለጠ የሚያሳፍር ቁጥር ማግኘት ይከብዳል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ የቅርቡ ምሳሌ ጣና ላይ አለ። በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ የሚኖሩት ወይጦዎች በደንገል ታንኳ ቀርበው ጉማሬን በገመድ በታሰረ ጦር እየወጉ ሲያድኑ የኖሩ ናቸው። ከአንድ ጉማሬ የሚወጣው ሥጋ ለሰፈር ይበቃል፤ ከቆዳው ሥር ያለው ወፍራም ሞራ ይቀልጣል፤ ቆዳው ጋሻና አለንጋ ይሆናል። ደጋው የጉማሬውን አለንጋ ገዝቶ በሬውንና ሎሌውን ሲገርፍበት፣ ጉማሬውን የበላውን ሰው ግን እንደ እርኩስ ቆጥሮ በአንድ መሶብ አላስቀርብ አለው። ክርስቲያኑ ናቃቸው፤ እስልምናን ቢቀበሉም ሙስሊሙ ጉማሬ በላ ብሎ አገለላቸው። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። በእነሱ ላይ የተጣለው ንቀት ስለ እንስሳት ጥበቃ ተብሎ አልተጀመረም፤ መነሻው የምግብ ክልክል ነው። ጥበቃ የሚለው ምክንያት የመጣው ኋላ ነው፤ የመጣውም ከአስቀድሞው ንቀት ጋር ያለ ችግር ተስማምቶ ነው። በካፋ የሚኖሩት ማንጃዎችም ጉሬዛና የዱር አሳማ በላችሁ ተብለው በዚሁ መንገድ ተገፍተዋል፤ አደኑ ሲዘጋባቸው ከጫካው ጋር የቀራቸው ገበያ ማገዶና ከሰል ሆነ። ጫካው ቆሞ እንዲቆይ ጥቅም የነበረው ሰው ጫካውን እየቆረጠ እንዲኖር ተደረገ ማለት ነው።

ወይጦዎች ለብዙ ትውልድ ጉማሬ ወግተዋል፤ ጉማሬው ግን አሁንም ጣና ላይ አለ፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጎብኚዎች በጀልባ እየሄዱ ያዩታል። አዳኝ የሚያድነውን ይጨርሳል የሚል ሁሉ ይህን ሊያስረዳ ይገባዋል። እየጠፋ ያለው ይልቅስ ደንገሉ ነው። ውኃው ሲሸሽ የሚወጣውን መሬት ገበሬ እየተከተለ ያርሰዋል፤ ከተማው ወደ ዳርቻው ይሰፋል፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም ተጨመረ። ደንገል ለጉማሬ መጠለያ፣ ለዓሣ መራቢያ፣ ለወይጦ ታንኳ ነው። ዛሬ ጉማሬ የሚገደል ከሆነ ከሰብል ጠባቂው ገበሬ ጋር ተጣልቶ ነው፤ ገበሬው ግን ኋላ ቀር ተብሎ ሲከሰስ አይሰማም። ሞፈር ያለው ሰው በዱር ላይ የሚያደርሰው ጥፋት ልማት ይባላል፤ ጦር ያለው ሰው የሚያደርሰው ጥፋት አደን ይባላል። ሚዳቋ ከጦር ልታመልጥ ትችላለች፤ ከታረሰ ጫካ ግን የምታመልጥበት የለም።

እንስሳው የመንግሥት ብቻ ሲሆን የሚከተለውን ደግሞ የ1983 ዓ.ም. ክስተት አሳይቷል። ደርግ ወድቆ ጥበቃ በላላበት ወቅት በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ጋይሳይ በተባለው ሜዳ የሚሰማራው የደጋ አጋዘን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ክፉኛ ተገደለ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ከ3,000 በላይ ቆርኬዎች የነበሩበት የሰንቀሌ መጠለያም ከዚያ ወቅት በኋላ ወደ ጥቂት መቶዎች ወረደ። ገዳዮቹ በአደን የሚተዳደሩ ሰዎች አልነበሩም። የግጦሽ መሬታቸው ተከልሎባቸው የኖሩ ገበሬዎችና አርብቶ አደሮች ነበሩ፤ ብዙዎቹ እንስሳውን የገደሉት ሥጋ አምሯቸው ሳይሆን እሱ ከጠፋ መሬቱ ይመለሳል ብለው ነው። ኑሮው ከእንስሳው ጋር ያልተያያዘ ሰው እንስሳውን የሚያየው እንደ ተቀናቃኝ ነው። በሌላ በኩል በአርሲና በባሌ ከፓርኩ ውጭ ያለው የደጋ አጋዘን ጥሩ ክፍል የሚገኘው ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ክልሎች ውስጥ ነው፤ የውጭ አገር ሰው ብዙ ሺህ ዶላር ከፍሎ አንድ ወንድ አጋዘን የሚጥልባቸው ጫካዎች ማለት ነው። ይህ ዝርያ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የለም፤ የቀረውም በጥቂት ሺዎች የሚቆጠር ነው። እንዲህ ያለውን እንስሳ ለግድግዳ ቀንድ ሲባል መግደል የተፈቀደ ሆኖ፣ ለልጆቹ ሥጋ ብሎ ሚዳቋ ያጠመደው የአገሩ ሰው በዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር መደንገጉ ከጥበቃ ሳይንስ የተገኘ ልዩነት አይደለም። ከገንዘብ የተገኘ ነው።

ተቃራኒው ወገን ጠንካራ መልስ የለውም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው፣ አዳኞች የጨረሱት እንስሳ በታሪክ አለ የሚል ነው። አለ፤ በኒው ዚላንድ ሞዓ የሚባሉትን ግዙፍ ወፎች ማኦሪዎች ደሴቶቹን ከያዙ በኋላ ብዙም ባልቆየ ጊዜ ውስጥ ጨርሰዋቸዋል። ያ ግን ሰው አይቶ የማያውቅ እንስሳና አገሩን የማያውቅ አዳኝ በደሴት ላይ ሲገናኙ የሆነ ነው። ሰው ከየትኛውም አህጉር ይልቅ ረጅም ዘመን ያደነባት አፍሪካ፣ ዝሆኑን፣ አውራሪሱን፣ ጉማሬውንና ቀጭኔውን እስከ ጠመንጃ ዘመን ይዛ የቆየች አህጉር ናት። አውሮፓና አሜሪካ የራሳቸውን ዝሆን መሰል እንስሳት ካጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል።

ሁለተኛው መልስ አዳኝ መቁጠር አይችልም፣ ቁጥር የሳይንቲስት ሥራ ነው የሚል ነው። ለዚህ የአላስካ ጉዳይ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1977 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን በሰሜን አላስካ ባሕር የቀሩት ቦውሄድ ዓሣ ነባሪዎች ቢበዛ ሁለት ሺህ ግድም ናቸው በሚል ግምት የአካባቢው ነባር ሕዝብ ኢኑፒያቶች እንዳያድኑ ወሰነ። አዳኞቹ ተቃወሙ፤ ቆጣሪዎቹ የሚያዩት በበረዶው ስንጥቅ የሚያልፉትን ብቻ ነው፣ ብዙዎቹ ከበረዶው ሥር ወይም ራቅ ብለው ያልፋሉ አሉ። ከውኃ በታች ድምፅ የሚያዳምጥ መሣሪያ ተተክሎ ሲቆጠር አዳኞቹ ልክ ሆኑ። በ2011 የተደረገው ቆጠራ ወደ 17,000 የሚጠጋ ነበር፤ እገዳው በኮታ ስለተተካ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ኢኑፒያቶች ማደናቸውን አላቋረጡም።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉ ይከብዳል፦ ሕዝብ በዝቷል፣ ክላሽ በየቤቱ ገብቷል፣ የድሮው አደን በዛሬው ዓለም አይቻልም። እውነትነት አለው። ማንም ሰው ያሻውን መሣሪያ ይዞ ዱር ይግባ ቢባል በዓመት ውስጥ የሚቀር ነገር አይኖርም። ክርክሩ ግን በክልከላና በልቅነት መካከል ሆኖ አያውቅም። የሚጠየቀው በዚያ ምድር ለሚኖረው ሰው፣ በታወቀ መሣሪያ፣ በተቆጠረ ልክ የማደን መብት፣ ሌላውን የማገድ ሥልጣን ጭምር እንዲሰጠው ነው። ይህ ምኞት ብቻ አይደለም፤ የሚሠራበት አገር አለ። ናሚቢያ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ የገጠር ማኅበረሰቦች በመሬታቸው ላይ ባለው የዱር እንስሳ የመጠቀምና የመጠበቅ መብት አገኙ። በ1998 መብቱን ከያዙት የመጀመሪያዎቹ ማኅበራት አንዱ ሆኖ የተመዘገበው የጁሆአንሲዎቹ ንያይ ንያይ ነው። በዚያ ሳኖች በቀስትና በመርዝ ፍላጻ ማደን ሕጋዊ ነው፤ የሚያድኑትም የሚቆጥሩትም የሚጠብቁትም እነሱ ናቸው። ዛሬ በአገሪቱ 86 እንዲህ ያሉ ማኅበራት አሉ፤ ከአገሩ ስፋት አምስተኛውን ያህል ይሸፍናሉ።

ጎረቤቷ ቦትስዋና ሌላውን መንገድ ሞክራለች። መካከለኛው የካላሃሪ ጥብቅ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲከለል አንዱ ዓላማው ሳኖች በባህላቸው እንዲኖሩበት ነበር። መንግሥት በ1997 እና በ2002 አስወጥቶ በመጠለያ ሰፈሮች አስቀመጣቸው፤ የአደን ፈቃድም ነፈጋቸው። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2006 (እ.ኤ.አ.) የ2002ቱ ማባረርም ፈቃድ መንፈጉም ሕገወጥ ነበር ብሎ ፈረደ። ከምድሩ ወጥተው በሠፈራ የከረሙት ሰዎች በአብዛኛው በዕርዳታ እህል የሚኖሩ ሆነው ነበር፤ ሥልጣኔ ይደርሳቸዋል የተባለው በዚህ መልክ ደረሳቸው።

ኢትዮጵያ የምትመርጠው ሩቅ አይደለም። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እንዲህ ያለ ስፍራ ሰውን ሳያስወጣ ተፈጥሮን ለመጠበቅ የታሰበ ነው። የሐይቁን ዳርቻ የሚያስተዳድሩ ሁሉ የቀረውን ደንገል ለወይጦዎች በይዞታ ይስጡ፤ ውኃው የሸሸበትን መሬት የሚያርሰውን የማገድ ሥልጣንም አብረው ይስጧቸው። ሰብል የሚያጠፋ ጉማሬ መገደሉ ግድ በሆነ ጊዜም ሥራው የወይጦ አዳኞች ይሁን፣ ሥጋውና ቆዳውም የእነሱ።